የጁምዓው ስልክ

አሰላሙ አለይኪ እታለም፣

ይህ ወረቀት የትም ሁኚ የት በጤና ያግኝሽ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። እማም ጉልበቷን ያማታል እንጂ ደህና ናት። መካነ ሰላም ብርዱ ገብቷል። ሹራብሽን እኔ ነኝ የምለብሰው፣ ካሻሽ ተቆጪ።

ሥራ አግኝቻለሁ። ዓረብ አገር ሰው የሄደበትን ቤት እየዞርን የምንጠይቅበት ጥናት ነው። ማን ሄደ፣ መቼ ሄደ፣ በየስንት ጊዜው ይደውላል እያልኩ ታብሌት ላይ እሞላለሁ። እናቶች ሲያለቅሱ እኔ ቀጣዩን ጥያቄ እፈልጋለሁ። እንዲህ ደርቄልሻለሁ።

ባለፈው ሳምንት የሚጠየቁት ቤቶች የሚመረጡበት ዕጣ የኛን ቤት አወጣ። የራስን ቤት መጠየቅ ስለማይፈቀድ ባልደረባዬ አሕመድኑር መጣ፣ እኔ ጥግ ይዤ ተቀመጥኩ። ቤተሰቡ ስንት ነው ሲላት እማ ሦስት አለች። ከስድስት ወር በላይ የራቀ ሰው አይቆጠርም ብሎ በትሕትና ቢያስረዳት፣ አንተ ሁለት በል ልጄ፣ እኛ ሦስት ነን አለችው። በየስንት ጊዜው ትደውላለች ሲላት ደግሞ በየጁምዓው አለች።

ይህንንስ አውቃለሁ። ጁምዓ ጁምዓ ከሰላት በኋላ ስልኩን ይዛ ጓሮ ትወጣለች፣ ድምፅሽ የሚሰማት እዚያ ብቻ ነው። አንድ ቀን እንኳ ታናሼን አገናኚኝ ሳትዪ ሁለት ዓመት ሞላሽ። ተቀይሜሽ ነበር እታለም። ለእማ ጊዜ አላት፣ ለእኔ የላትም እያልኩ ሆድ ሲብሰኝ ከርሟል።

ጥናቱ የሄዱትንም በስልክ ያነጋግራል። እማ ቁጥርሽን በቃሏ ሰጠችው። በማግስቱ አሕመድኑር ለብቻዬ ጠርቶኝ፣ ቁጥሩ አገልግሎት ላይ የለም ይላል፣ ምን ልሙላ አለኝ። የነገረችህን ሙላ አልኩት።

በዚህ ጁምዓም እማ እንደ ልማዷ ወጣች። መብራት ከረቡዕ ጀምሮ ስለጠፋ ስልኩ ባትሪ ጨርሶ እንደተዘጋ ነው። በሩ ላይ ቆሜ አየኋት። ላሟ መውለዷን ነገረችሽ፣ ዝም ብላ አዳመጠች፣ ሳቀች። ምሳሽን አትዝለዪ አለችሽ።

ስትገባ ፊቴን አየችና፣ እህትሽ ዛሬ አጥብቃ ጠየቀችሽ፣ ናፍቃኛለች ብላለች አለችኝ። በሁለት ዓመት የመጀመሪያው ሰላምታሽ ነው። በሚመጣው ጁምዓ እኔንም ናፍቃኛለች በይልኝ አልኳት።

የጎረቤታችን የዙሀራ ልጅ ሁዳ ፈቃዷን ጨርሳ ሰኞ ወደ ጅዳ ትመለሳለች። ወረቀቱን ይዤ ያገኘሁትን ሐበሻ ሁሉ ስላንቺ እጠይቃለሁ ብላኛለች።

አላህ ባለሽበት ይጠብቅሽ፣ ለዓይነ ሥጋ ያብቃን። ይህ ከደረሰሽ መጀመሪያ ለእማ ደውዪላት፣ ቁጥሯ ያው ነው። እኔን ሌላ ጊዜ ትጠይቂኛለሽ።

ሹራብሽን የምትለብሰው ታናሽሽ