በቅበላ የተሰናበትከው ኪኒን

ሞልዬ፣ ሆዴ፤

ደብዳቤ ሲጻፍ በመጀመሪያ ጤና ይጠየቃል። እኔም «እንደምን ሰነበትክ» ብዬ ልጀምር እስክርቢቶ አነሳሁና እጄ ቆመ። ጤናህን መጠየቅ በነበረብኝ ቀን ሳልጠይቅህ፣ ከተለየኸን ሁለት ዓመት ከአምስት ወር በኋላ ብጠይቅ ምን ዋጋ አለው? ስለዚህ ሰላምታውን ተወውና የቤትህን ወሬ ስማ።

ቤቱ ደህና ነው። የርብ ወንዝ ባለፈው ክረምት ሞልቶ እስከ በረቱ አፍ ደርሶ ነበር፤ ከብቶቹን ወደ ዳገቱ አውጥተን ተረፍን። ያቺ ተራጋጭ ላምህ ወንድ ጥጃ ወለደች፤ ልጁም እንደ እናቱ ነው፣ ሰው አይቀርብም። ልጃችን ሙሉ፣ ወረታ ከተማ ቤት ተከራይታ አሥራ አንደኛ ክፍልን ጨረሰች። ቁመቷ ያንተ፣ ግትርነቷ የኔ ሆነና መከራዬን አየሁ። እናትህ ጉልበታቸው ደክሟል፣ ምላሳቸው ግን ምን ያደክመዋል! ሩዙን ዘንድሮም የዘራልኝ ታናሽ ወንድምህ ደሴ ነው። የተቀመጥኩት የእሱን ነገር ልነግርህ ነው፤ ግን የእሱ ከመነገሩ በፊት የእኔ መነገር አለበት።

ነገሩ የጀመረው በአረም ነው፣ ታስታውሳለህ። ሩዝ እንደ ጤፍ አይደለም፤ እግርህ ውኃ ውስጥ፣ ወገብህ ተቆልምሞ፣ ከማለዳ እስከ ምሽት። ማታ ስትመጣ ቀና ማለት ያቅትህና እንደ ጎበጥክ እራትህን ትበላ ነበር። አንድ የወንፈል ጓደኛህ ትራማዶል የሚሏትን ማስታገሻ ሰጠህ። ያን ቀን እየዘፈንክ ገባህ! እኔም ሞኟ ሰውዬውን መረቅሁት። ከዚያ አንዷ ሁለት ሆነች፣ ሁለቷ አራት። ሳትውጣት ከዋልክ ታዛጋለህ፣ አፍንጫህ ይፈስሳል፣ ከጥላህ ጋር ትጣላለህ። ጤና ጣቢያ ደግሞ የደም ግፊት አለብህ ብለው ሌላ ኪኒን ሰጡህ። የታዘዘውንም ያልታዘዘውንም በአንድ ፌስታል ቋጥሬ ምሰሶው ላይ አንጠለጠልኩት። ለእኔ ሁሉም ኪኒን ነበር።

የሁዳዴ ቅበላ ዕለት ሥጋችንን በላን፣ እጃችንን ታጠብን። አንተም ተነሥተህ ከነገ ጀምሮ ሥጋና ቅቤውን ብቻ ሳይሆን ይኼን ጣጣም ተሰናበትኩት አልክ። እልል አልኩ። ፌስታሉን ከነቋጠሮው አንስቼ መጸዳጃው ጉድጓድ ውስጥ ጣልኩት። ሥጋ በቅበላ ይተዋል፣ ማግስቱን በዚህ የታመመ ሰው አላየንም፤ ኪኒንም እንደዚያው በአንድ ቀን የሚተው መስሎን። የነፍስ አባታችን መድኃኒት የታዘዘለት ሰው መድኃኒቱን እንዳያቋርጥ ስንት ጊዜ ነግረውናል። እኛ ግን መች ጠየቅናቸው? አፍረን ደበቅናቸው እንጂ።

ሰኞ አዛጋህ፣ ሰውነትህ የተነጨ ዶሮ ቆዳ መሰለ። ማክሰኞ ያስመልስህ ጀመር፤ ውኃ እንኳ አልረጋልህ አለ። ላብህ ጋቢውን አበሰበሰው። ያኔ እጄን ይዘህ ደረትህ ላይ አኖርከው። ልብህ እግሯን እንደታሰረች ዶሮ ይፈራገጥ ነበር። ወረታ ሐኪም ቤት ውሰጂኝ አልከኝ። ምን አልኩህ? ሱሱ ነው የሚያለቅስ፣ ሦስት ቀን ቻለው፣ ወንድ አይደለህ? አልኩህ። ደግሞ ሳቅሁ። ከወሰድኩህ ያንኑ ኪኒን ይሰጡሃል ብዬ ፈርቼ ነበር። እሱ እውነት ነው። የሳቅሁትም ግን እውነት ነው፣ ሞልዬ።

ረቡዕ ጠዋት ራሴን ብለህ ጮኽክና አንድ ጎንህ ከዳህ። ጎረቤቱ በቃሬዛ አስፋልት ድረስ ተሸከመህ፤ ሆስፒታል ደርሰህ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ አረፍክ። ሐኪሙ አስቀምጦ አስረዳኝ። ሰውነት የለመደውን እንዲህ ያለ ኪኒን በድንገት ሲነፍጉት ልብ ይጋልባል፣ ግፊት ሽቅብ ይወጣል፤ ትውከቱ ደግሞ ሰውነትን ያደርቃል፤ ድሮም ግፊት ያለበት ሰው ሲሆን አደጋው ይብሳል አለኝ። ጭንቅላትህ ውስጥ ደም ፈስሷል። የግፊቱን ኪኒንስ ይወስድ ነበር ወይ ሲለኝ፣ እሱንም አብሬ ጉድጓድ መክተቴ ያኔ ገባኝ።

ለቀስተኛው ሲጠይቀኝ ድንገተኛ ነው አልኩ። ሴቶቹ ምን የመሰለች ሚስት ነበረችው እያሉ አለቀሱልኝ፤ እኔም ሙገሳውን ተቀበልኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ እንደዚያ ኖርኩ። በተዝካርህም፣ በሙት ዓመትህም፣ ያንኑ ድንገተኛ።

ዘንድሮ ደግሞ ደሴ። አንተ ከሄድክ ወዲህ የሁለት ሰው ማሳ በአንድ ወገብ ሲይዝ እሱም እዚያችው ኪኒን ላይ ወደቀ። ይኼን ያወቅሁት የዘንድሮው ሁዳዴ በገባ በሁለተኛው ቀን እናትህ ቤት ጎራ ስል ነው። ጋቢ ውስጥ ተጠቅልሎ ይንቀጠቀጣል፣ ላቡ ይንቆረቆራል፣ አጠገቡ የትውከት ሳህን። እናትህ ፊቱን በፀበል በተነከረ ጨርቅ ይጠርጉለታል፤ ፊታቸው በርቷል። ኪኒኑን በቅበላ ተሰናበተው፣ ይኸው በሽታው በላብ እየወጣለት ነው አሉኝ። ሐኪም ቤት እንውሰደው አልኩ። እሳቸውም ሐኪም ቤት ሞላን መልሶልኛል እንዴ ብለው ተቆጡኝ።

ምን ልበላቸው? ዝም ብል ወንድምህን እቀብራለሁ። ብናገር ደግሞ ልጃቸውን የገደልኩ ምራት ሆኜ እቀራለሁ፤ ሙሉም ትሰማለች። እውነቱን ልንገርህ፣ አመነታሁ። የበሩን መቃን ይዤ ቆሜ አመነታሁ። ከዚያ ደሴ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ፤ ልክ እንዳንተ።

መሬት ተቀመጥኩና ነገርኳቸው። ፌስታሉን፣ ጉድጓዱን፣ ወረታ ውሰጂኝ ያልከኝን፣ ወንድ አይደለህ ያልኩህን፣ የሳቅሁትን። አንዱንም አላስቀረሁ። የእናትህ እጅ ደሴ ግንባር ላይ ቆመ። ይረግሙኛል ብዬ አንገቴን ደፋሁ። ከዚያ ጨርቁን አስቀመጡ፣ ነጠላቸውን አጣፉ፣ ፊቴን ሳያዩ ባጃጅ ጥሪ አሉኝ።

ጤና ጣቢያ ግፊቱን ሁለት ጊዜ ለኩት፤ ነርሷ ቁጥሩን አይታ ሮጠች። አልተቆጡትም፣ አላሳፈሩትም። አስተኙት፣ የልብ ምቱን እየተከታተሉ ትውከቱንም ግፊቱንም አበረዱለት። ኪኒኑንም በሐኪም እጅ ጥቂት በጥቂት እየቀነሰ እንዲተው መላ አበጁለት። እስካሁን ጨርሶ አልተላቀቀም፤ በየጊዜው እየሄደ ይለካል። አሁን ይኼን ስጽፍ ማሳው ውስጥ ነው፣ ጀርባው ይታየኛል። በየመሃሉ ቀና እያለ ያርፋል። ሕያው ነው ወንድምህ።

እናትህ እስከ ፋሲካ አላናገሩኝም። አሁን ጤናቸውን ስጠይቅ እግዜር ይመስገን ይሉኛል፣ ከዚያ አያልፍም። ደሴም ማሳዬን ይዘራልኛል እንጂ ከእኔ ጋር አይበላም። አይፈረድባቸውም። ለሙሉም ራሴ ነገርኳት፤ ስታለቅስ አመሸች፣ ጠዋት ግን ጸጉሬን ሠራችልኝ። የነፍስ አባታችንም ከእኔ ሰምተው አዘኑ፤ በሰኔው ጾም ቅበላም ሱስ ልትተው ያሰብክ መጀመሪያ ሐኪም ጠይቅ ብለው ለጉባኤው ተናገሩ።

ይቅር በለኝ ሞልዬ። ዘፈንህን ብቻ፣ ደጉን ብቻ መርጬ ላስብህ ስል ኖርኩ፤ ከእንግዲህ ማክሰኞህንም አልረሳም። እዚህ የሩዝ ሜዳ ላይ ልቤ ደለቀብኝ ያለ ሁሉ የእኔን በር ያንኳኳ። አንተ ስትጠራኝ ያልተነሣሁት እኔ፣ ሌላው ሲጠራኝ እነሣለሁ።

ሚስትህ ይታይሽ