የሚያጉረመርመው ኮምፒውተር

አሰላ፣ ማክሰኞ፣ ነሐሴ 6 ቀን 2017

ከካሴት የገለበጥኳቸውን የአባባን ዘፈኖች የሚያጫውት ሚኒ ፒሲ የሚባል ትንሽ ኮምፒውተር ከሁለት ዓይነት ስመርጥ ሁለት ሳምንት ሆነኝ። ባለሱቁ ከድር ዛሬ «ሁለቱንም ቤት ወስደሽ ሞክሪና አንዱን መልሺ» ብሎ ሰጠኝ። አንዱ ፋን ስለሌለው ጭራሽ አይሰማም፤ ሌላው ያጉረመርማል። መብራት ሄዶ ሲመጣ ሁለቱም ራሳቸው ይነሳሉ። እኔ ዝምተኛውን መርጬ ጨርሼ ነበር።

አባባ ማየት ካቆሙ ስድስት ዓመታቸው ነው። ጆሯቸውን በየተራ አስጠግተው አዳመጡና «የሚያጉረመርመውን አስቀሪልኝ» አሉ።

«ዘፈኑን አይረብሽብዎትም?»

«ልጄ፣ ያኛው ዝም ሲል ዘፈኑ አልቆ ይሁን መብራት ሄዶ በምን አውቃለሁ?»

እንዴት ይህን አላሰብኩም? ይኸው መብራት ሄደ። እስኪ እኔም ዓይኔን ጨፍኜ እስኪያጉረመርም ልጠብቅ።