አቶ ኤባ ሮሪሳ፦ ከጋዜጣ አዘጋጅነት እስከ «ሰፊው ግቢ»

አቶ ኤባ ሮሪሳ ከአባታቸው ከአቶ ሮሪሳ መገርሳ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዳሲቱ ቀናው በ1948 ዓ.ም. በአቃቂ ተወለዱ። አባታቸው ገበሬ ነበሩ፤ ኋላ እርሻቸው ላይ ፋብሪካ ሲተከል እዚያው ተቀጥረው ሠርተዋል። አቶ ኤባ በተወለዱበት አካባቢ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ተምረዋል። ከዚያ በላይ መማር ባይሆንላቸውም ንባብን አልተዉም፤ ስኳር የተጠቀለለበትን ወረቀት እንኳ ዘርግተው ሳያነቡ አይጥሉም ነበር።

በ1968 ዓ.ም. በአንድ ማተሚያ ቤት በአራሚነት ሥራ ጀመሩ። በ1977 ዓ.ም. ከወይዘሮ ከውሲ ጋር በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ተጋብተው ዲንቄንና ሮቤራን አፍርተዋል። በ1986 ዓ.ም. ወደ አንድ ሳምንታዊ ጋዜጣ ተዛውረው በሪፖርተርነት ከሠሩ በኋላ ዋና አዘጋጅ ሆኑ። እርሳቸው እጅ የገባ ጽሑፍ ሳያጥር እንደማይወጣ የሥራ ባልደረቦቻቸው ዛሬም እየሳቁ ያነሳሉ።

ሕይወታቸውን የለወጠው ነገር በ1997 ዓ.ም. የደረሰ ስሕተት ነው። በቃሊቲ የታወቁት ሽማግሌ ጋሼ ሂርጳ ሰፊ ግቢ ስላላቸው፣ ቦታ የጠበበው ጎረቤት ሁሉ የልቅሶ ድንኳኑን እርሳቸው ግቢ ይተክላል። አቶ ኤባ ጋዜጣው ማተሚያ ቤት በሚገባበት ዕለት በታክሲ ሲያልፉ ድንኳኑን አዩ። ወርደው ሳይጠይቁ ቢሮ ገብተው የጋሼ ሂርጳን የሐዘን መግለጫ ጻፉ። ሐዘኑ ግን የጎረቤት ነበር።

ጋዜጣው በወጣ ማግስት ጋሼ ሂርጳ ራሳቸው ቢሮ ድረስ መጡ።

«ኤባ፣ የገዛ ልቅሶዬን ሳልደርስ ቀረሁ እኮ!» አሏቸው።

አቶ ኤባ ከመቀመጫቸው ተነሥተው «ጋሼ፣ ስለ እግዚአብሔር ይቅር ይበሉኝ» ቢሉ፣ «ይቅርማ ብያለሁ። ግን ስድሳ ዓመት ኖሬ የጻፍክልኝ አራት መስመር ብቻ ነው?» አሉ።

እርማቱ በፊት ገጽ ወጣ። ጥያቄው ግን ከአቶ ኤባ ልብ አልወጣም። ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጋሼ ሂርጳ ቤት እየሄዱ ስለ ድሮው መንደር፣ ስለ እርሻው፣ ስለታረቁና ስላልታረቁ ሰዎች ሽማግሌው ሲያወጉ ያዳምጡ ጀመር። በ2002 ዓ.ም. ጋዜጣውን ለቀው ሙሉ ጊዜያቸውን ለልብ ወለድ ሰጡ። ስለ ማተሚያ ቤት ሠራተኞች የጻፉት የመጀመሪያ መጽሐፋቸው በ2005 ዓ.ም. ታተመ።

ቀጥለው የጀመሩት «ሰፊው ግቢ» የጋሼ ሂርጳ ታሪክ ነው። ታሪኩ በሽማግሌው ሞት ማለቅ ነበረበት፤ አቶ ኤባ ግን የመጨረሻውን ምዕራፍ ሊጽፉት አልቻሉም። ለምን እንደማይጨርሱት ሲጠየቁ፣ «አንዴ ገድያቸዋለሁ፤ ሁለተኛ እጄ አይታዘዝልኝም» ይሉ ነበር። መጽሐፉ በዚህ ምክንያት ለዓመታት ቆመ።

በ2015 ዓ.ም. በኩላሊት ሕመም ተያዙ። ከዚያ በኋላ የሁላችንም ጭንቀት መጽሐፉን ሳይጨርሱ እንዳይቀሩ ነበር። ወይዘሮ ከውሲም በጸሎታቸው የሚጠይቁት ይህንኑ ነበር። ባለፈው ክረምት ሕመሙ ሲጠና ጋሼ ሂርጳ በከዘራ እየተደገፉ ሊጠይቋቸው መጡና አልጋው አጠገብ ተቀመጡ።

«አንተ ልጅ፣ እኔን አቆያለሁ ብለህ መጽሐፉን ልትቀብረው ነው? በል ግደለኝና ጨርስ። እኔ እንደሆነ ለምጄዋለሁ።»

አቶ ኤባ ያን ቀን እስኪያስላቸው ሳቁ። በማግስቱ ልጃቸውን ዲንቄን አጠገባቸው አስቀምጠው የመጨረሻውን ምዕራፍ ያስጽፏት ጀመር። በምዕራፉ ሽማግሌው አይሞቱም። የሚሞተው ታሪካቸውን የሚጽፈው ጋዜጠኛ ነው፤ ቀባሪዎቹንም ግቢያቸውን ከፍተው የሚቀበሉት ሽማግሌው ናቸው። ዲንቄ እዚህ ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ። አባቷም «ጻፊ ልጄ፤ ይሄኛው ሞት የራሴ ነው፣ ልሰጠው እችላለሁ» አሏት።

ምዕራፉ ሲነበብላቸው ጋሼ ሂርጳ አንገታቸውን ደፍተው እስከ መጨረሻው ሰሙ። ከዚያም «ይሄን አላዘዝኩህም» አሉ። አቶ ኤባ ፈገግ ብለው የሽማግሌውን እጅ ያዙ። ዲንቄንም አንዲት «በጣም» የምትል ቃል ከአንድ ዓረፍተ ነገር እንድታወጣ ነገሯት። መጽሐፉ በኅዳር ወር ታትሞ እጃቸው ገባ።

አቶ ኤባ ሮሪሳ በአገር ውስጥ ሕክምና ሲረዱ ቆይተው ጥር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ70 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐርፈዋል። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ ሦስት የልጅ ልጆቻቸውንና ወንድሞቻቸውን ትተዋል። የቤታቸው ደጅ ጠባብ በመሆኑ የሐዘኑ ድንኳን በጋሼ ሂርጳ ግቢ ተተክሏል፤ ካስማው የሚመታበትን ቦታ ቆመው ያሳዩት ራሳቸው ጋሼ ሂርጳ ናቸው።

የምሕረት አምላክ የወንድማችንን ነፍስ ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍልን። ለወይዘሮ ከውሲና ለልጆቻቸው መጽናናቱን ይስጥልን። ለጋሼ ሂርጳም አቶ ኤባ የሳሱላቸውን ዕድሜ ያቆይልን። አሜን።