የኤሲዎችን ልብስ ያስወለቁት የአቶ ፓይሊ ኢቱፕ የሕይወት ታሪክ

አቶ ፓይሊ ኢቱፕ ከአባታቸው ከአቶ ኢቱፕ ኩርያን እና ከእናታቸው ከወይዘሮ አቻማ፣ አገራችን በምትቆጥርበት በፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ ሐምሌ 2 ቀን 1953 በኩታናድ ተወለዱ። ኩታናድ ሩዙ ከባሕሩ ወለል ዝቅ ብሎ የሚበቅልበት አገር ነው። አዋላጇ በጀልባ ነበር የመጣችው፤ የያዘችውን ዕቃ የምታስቀምጥበት ደረቅ ቦታ አጥታ አቶ ኢቱፕን በራሳቸው ላይ አሸክማቸው እንደነበር እናታቸው እስኪያልፉ ድረስ እየሳቁ ያወሩ ነበር። አባታቸው ከማሳው ውስጥ ውሃ የሚያስወጣውን ፓምፕ የሚያንቀሳቅሱ ሠራተኛ ስለነበሩ፣ ፓይሊ ከውሃ ጋር በተጣላ ቤት ውስጥ አደጉ ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በጀልባ እየተመላለሱ እስከ አሥረኛ ክፍል ተማሩ። ከዚያም አላፑዛ ከተማ በሚገኝ የሙያ ትምህርት ቤት የአየር ማቀዝቀዣ (ኤሲ) ጥገና አጥንተው በ1973 ተመረቁ። በ1975 ባሕር ተሻግረው ወደ በረሃማዋ ሙስካት ሄዱና በአንድ የጥገና ጋራዥ ሥራ ያዙ። የሙስካት ኤሲ የሚያስቸግረው አቧራ ነው፤ አቧራን ደግሞ በአየር ግፊት አንዴ ሲነፉት ብን ብሎ ይጠፋል። ፓይሊ በዚህ ሥራ አንደኛ ሆኑ። ይህ አንደኝነታቸው በኋላ ምን ጉድ እንዳመጣባቸው እንደርስበታለን።

በ1977 ለዕረፍት መጥተው የአላፑዛዋን ወይዘሮ ታንካማን በሥርዓተ ተክሊል አገቡ። በ1978 ሶሻማ፣ በ1982 ኩርያን ተወለዱ። ኩርያን እንደ ጎረምሳ ዝሆን ጤነኛ ነበር። ሶሻማን ግን ዝናብ በጣለ ቁጥር ደረቷ ያፏጭባት ጀመር። ልጅቱ ከፊደል ጋር የተወለደች እስኪመስል ድረስ ንባብ ትወድ ነበርና፣ በ1985 በትንሣኤ ዕለት በቤተ ክርስቲያን የሐዋርያውን መልእክት እንድታነብ ተመረጠች። ነጭ ቀሚስ ለብሳ ወጣች፤ ሦስት መስመር አነበበች፤ አራተኛው ላይ ትንፋሽ አጥሯት ቆመች። ሌላ ልጅ ተነሥታ ጨረሰችላት። ወይዘሮ ታንካማ ይህንን ጽፈው ሙስካት ሲልኩ፣ በደብዳቤው ግርጌ ሶሻማ በራሷ እጅ ለአባቷ «አፓ፣ ሙሉውን በቃሌ አውቀው ነበር» የሚል ጨምራበት ነበር።

አቶ ፓይሊ ደብዳቤውን ባነበቡ በስድስተኛው ወር ሥራቸውን ለቀው፣ በእንጨት ሣጥን የታሸገ የመስኮት ኤሲ ይዘው መጡ። እንዴት ያለ ቀን ነበር! ሣጥኑ በጀልባ ሲመጣ መንደሩ በሙሉ ወንዙ ዳር ወጣ። ማሽኑ መስኮት ላይ ተገጥሞ ብርር ሲል አንዲት አሮጊት ጎረቤት «ኢየሱስ ማርያም! ፓይሊ ልጄ፣ ታኅሣሥን ሳጥን ውስጥ ከተህ አመጣኸው እንዴ?» አሉ። አየሩ ቀዝቀዝ፣ ደረቅ አለ። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ድረስ ሶሻማ ደረቷ አንድም ቀን አላፏጨም። ፓይሊ ደረታቸውን ነፍተው በመንደሩ ይዞሩ ጀመር።

ሰኔ ገባ፤ ዝናቡ መጣ። በዝናብ ኤሲ የሚያስፈልገው የለም ተባለና ጠፋ። የወይዘሮ ታንካማ ታናሽ ወንድም፣ ልብስ ሰፊው ቻንዲ፣ ዕርጥበት እንዳይነካው ብሎ ለማሽኑ በልኩ መሸፈኛ ሰፋለት፤ ከውስጥ ላስቲክ፣ ከላይ ቀይ ከፋይ፣ ዙሪያውን ዘርፍ ያለው። ሙሽራ ቢሉት አያንስም! ያየው ሁሉ ቀናና፣ በዚያ ክረምት ብቻ ቻንዲ ኤሲ ለገዛው ጎረቤት ሁሉ እንዲህ ያለ ልብስ ሲሰፋ ከረመ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለው።

በጥቅምት ሙቀቱ ሲመለስ አቶ ፓይሊ ልብሱን አውልቀው ማሽኑን ከፈቱት። ክፍሉ የረጠበ ካልሲ፣ የረጠበ ካልሲ ሸተተ። አሥር ደቂቃ አልሞላም፣ ሶሻማ ከንፈሯ ጠቆረ። አባቷ አቅፈዋት ጀልባ ላይ ዘለሉ፤ ቀዛፊው «በርታ! በርታ!» እየተባለ ሐኪም ቤት አደረሳት። ተረፈች። ሐኪሙ ግን በግልጽ ተናገሩ፦

«ይህችን ልጅ ተራራውን አሻግራችሁ ደረቅ አገር ውሰዷት። ካልቻላችሁ እስከ ሰኔ ልጠብቃችሁ። በመጀመሪያው ዝናብ ደረቷ ካፏጨ ግን ሌላ ምክር የለኝም።»

ተራራውን ተሻግሮ ኮይምባቶር በምትባል ከተማ አክስት አለቻት። ወይዘሮ ታንካማ በማግስቱ የልጅቱን ልብስ ሻንጣ ውስጥ አስገብተው ሻንጣውን በር ሥር አቆሙት።

«አንድ ክረምት፣» አሉ፣ «አንድ ብቻ! ካፏጨባት ልጄን ይዤ እሄዳለሁ፤ አንተ ከብረትህ ጋር ኑር።»

አቶ ፓይሊ ማሽኑን ነቅለው ግቢ አወጡት። ካቻቪቴ ይዘው ብሎኑን ፈቱ። ውስጡን ሲያዩ ተቀመጡ። ቀጫጭኑ የአልሙኒየም ሽንሽን፣ የማራገቢያው መሽከርከሪያ፣ ውሃ የሚያጠራቅመው ትሪ፣ ሁሉም በጥቁር ሻጋታ ተለብጧል። አቧራ ቢሆን ያውቁበት ነበር። እንደ ሙስካቱ በአየር ግፊት ሲነፉት ግን ሻጋታው በኖራ በተቀባው ግድግዳ ላይ ተረጨ፤ ሸሚዛቸውም ጠቆረ። ያን ጊዜ የተናገሩትን ወይዘሮ ታንካማ እስከ ዛሬ አልረሱትም፦

«ልጄን ያፈንኳት እኔ ነኝ። አልብሼ፣ አፍኜ፣ አሻግቼ ሰጠኋት።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ አቶ ፓይሊ ያወቁትን ረስተው አዲስ ተማሪ ሆኑ። ሻጋታ አይነፋም፤ ይታጠባል። ሽንሽኑ ከላይ ወደ ታች በብሩሽ ይታሻል፤ ወደ ጎን ካሹት ይታጠፋል። የማራገቢያው መሽከርከሪያ ምላጩ አንድ በአንድ ካልተጠረገ ያው ነው። የውሃ መውጫው ቱቦ ጣት ያህል ዘንበል ካላለ ውሃው ተኝቶ ይሸታል። ፊልትሮውን፣ ማጣሪያውን ማለት ነው፣ በየሁለት ሳምንቱ ማጠብ። ከሁሉም በላይ፣ በክረምት ኤሲው ልብስ አይለብስም፤ ይልቁንም በየቀኑ አንድ ሰዓት ማራገቢያው ብቻ እየዞረ ይድረቅ። ይህን ሁሉ ያገኙት ከመጽሐፍ ሳይሆን፣ ያንን አንድ ማሽን ከጥቅምት እስከ ግንቦት አሥራ አንድ ጊዜ ፈትተው ገጥመው ነው።

ሰኔ 1987 ዝናቡ ወረደ። ሻንጣው በሩ ሥር እንደቆመ ነበር። አቶ ፓይሊ በየጠዋቱ የልጃቸው ጀርባ ላይ ጆሯቸውን ለጥፈው ያዳምጡ ነበር። አንድ ሳምንት ሆነ፤ ዝም። ሁለት ሳምንት ሆነ፤ ዝም! ሐምሌ አለፈ። አንድ ቀን ወይዘሮ ታንካማ ሻንጣውን ከፍተው ልብሱን አወጡና ሽቦ ላይ ሰቀሉት። ሻግቶ ነበር። ባልና ሚስት ተያይተው ሳቁ፤ ከዚያ ሁለቱም አለቀሱ።

በዚያው ዓመት በመስከረም፣ በአገራችን የሚጾመው የእመቤታችን የስምንት ቀን ጾም ሲፈታ ሶሻማ ለንባብ ተመለሰች። አቶ ፓይሊ ከወንዶቹ ተራ ቆመው፣ እሷ አንድ መስመር ባነበበች ቁጥር «ተንፍሺ፣ ተንፍሺ!» ይላሉ። ቄሱ ዘወር ብለው፣ «ፓይሊ! እሷ እየተነፈሰች ነው፤ አንተ ነህ ትንፋሽ ያጠረህ፣» አሏቸው። ሶሻማ እስከ መጨረሻው ቃል አነበበች። አባቷ በቤተ ክርስቲያን ማጨብጨብ ነውር መሆኑን ረስተው አጨበጨቡ፤ ሕዝቡም ተከተላቸው።

በ1988 በአላፑዛ የቤት ኤሲ ማጠቢያ ከፈቱ። መጀመሪያ ያልሳቀ የለም። «ነፋስ አጣቢው መጣ» እየተባሉ ባልዲያቸውንና መሰላላቸውን በብስክሌት ጭነው ከቤት ቤት ዞሩ። አንድ ልማድ ነበራቸው፤ ከታጠበው ማሽን የወጣውን የመጀመሪያ ውሃ በጠርሙስ ቀድተው የባለቤቱ ጠረጴዛ ላይ ሳያስቀምጡ ሻይ አይቀበሉም።

«እመቤቴ፣ ይህንን ሲተነፍሱት ነው የከረሙት፤» ይሉ ነበር። «አሁን ሻዩን ያምጡት፤ ጥቁሩን ውሃ ግን እዚያው ይተዉት፤ ባልዎ ሲመጡ ይዩት።»

ጠርሙሱን ያየች ሴት ለእህቷ ነገረች፤ እህቷ ለጎረቤቷ ነገረች። ሥራው ከቦታ ቦታ ሄዶ እስከ ሙናር ተራራ ወጣ፤ እዚያ ጉሙ ቤት ውስጥ ገብቶ ያድራልና፣ ሰዎቹ ሲበርዳቸው በሚያሞቅ፣ ሲሞቃቸው በሚያቀዘቅዝ ማሽን ይኖራሉ። ፓይሊ ሁለቱንም አጠቡ። በገቡበት ቤት ኤሲው ከፋይ ለብሶ ካገኙት ግን አይምሩም፤ ጫማቸውን አውልቀው ሳይጨርሱ ነበር የሚጮኹት፦

«ብረት አይበርደውም! ልብሱን አውልቁለት!»

ይህ ጩኸት ቻንዲን ደረሰበት። መሸፈኛው የሚሸጥለት ጠፋ። ከዕለታት አንድ ቀን በቁጣ መጥቶ፣ «ጋሼ፣ ጉሮሮዬን ዘጋህብኝ እኮ!» አላቸው።

«የልጄንስ ጉሮሮ ማን ነው የዘጋው?» አሉት።

ቻንዲ ያን ቀን ተመልሶ ሄደ። ሦስት ሳምንት ቤታቸው አልመጣም። በአራተኛው ሳምንት በብብቱ አንድ ነገር ይዞ መጣ፤ ከወፍራም ሸራ የተሰፋ፣ ከላይ ሰፊ፣ ከታች ጠባብ ሆኖ ባልዲ ውስጥ የሚገባ ከረጢት። ኤሲው ከግድግዳው ሳይነቀል ሥሩ ታስሮ ሲታጠብ፣ ውሃው አልጋና ግድግዳ ሳይነካ ወደ ባልዲው ይወርዳል። አቶ ፓይሊ ከረጢቱን አገላብጠው አዩት፤ ከዚያ ቻንዲን አቅፈው ከመሬት አነሡት። ሁለቱ አማቾች ከዚያ ወዲያ ከሠላሳ ዓመት በላይ አብረው ሠሩ። የሚያስል ሕፃን ያለበት ቤት ሲገቡ ገንዘብ ተቀብለው አያውቁም፤ ዋጋው ሲጠየቁም ዝናቡን ያማርራሉ እንጂ አይመልሱም።

ሶሻማ አሥራ ሁለተኛ ክፍል እንደጨረሰች መሰላሉን ያዘች። «ሴት ልጅ መሰላል ላይ?» ላሉ ዘመዶች አባቷ፣ «እኔ ከታች ሆኜ እይዘዋለሁ፤ እናንተ ምን አገባችሁ?» ብለው መለሱ። ዛሬ ማጠቢያውን የምትመራው እሷ ናት፤ አሥራ ስምንት ሠራተኞች አሏት፤ ስድስቱ ሴቶች ናቸው።

አቶ ፓይሊ በ2022 የልብ ሕመም ጀመራቸው። መሰላል ሲከለከሉ ወንበር ላይ ተቀምጠው ማዘዝ ያዙ፤ ማዘዝ ሲከለከሉ በጆሯቸው ይሠሩ ነበር። በሐኪም ቤት የተኙ ጊዜ ከራስጌያቸው ያለውን ኤሲ ድምፅ ሰምተው ነርሷን፣ «ልጄ፣ ቱቦው አልዘነበለም፤ ሶሻማን ጥሪልኝ፣» ብለው አስጠሩ። ሶሻማ መጥታ አስተካከለችው። ሐምሌ 9 ቀን 2024፣ ዝናቡ ሲያካፋ፣ በተወለዱ በሰባ አንድ ዓመታቸው በቤታቸው አረፉ።

ልጃቸው ኩርያን ከዶሃ እስኪደርስ አስከሬናቸው በቤታቸው አስከሬን በሚያቆይ፣ በኤሌክትሪክ በሚቀዘቅዝ የኪራይ ሣጥን እንዲቆይ ተወሰነ። ሣጥኑ ትናንት ረፋድ ላይ ሲመጣ ሐምራዊ ከፋይ ለብሶ ነበር፤ ዙሪያውን ዘርፍ ያለው። ሶሻማ እንባዋን በክንዷ ጠረገች።

«ይኼን ማን አለበሰው?»

«እህቴ፣ ዕርጥበት እንዳይነካው ብዬ ነው፣» አለ ሣጥኑን ያመጣው ሰው።

«ብረት አይበርደውም!» አለች። «ልብሱን አውልቅለት!»

ያ ሁሉ ለቀስተኛ፣ ጃንጥላውን እንደያዘ፣ በሳቅ ፈነዳ። ሶሻማ የሣጥኑን ክዳን አንሥታ አሸተተችና «አፓ እዚህ ውስጥ አይተኛም» ብላ ባልዲዋን አስመጣች። ሸራውን የያዘላት ቻንዲ ነበር። ትሪውን፣ ቱቦውን፣ ሽንሽኑን ከላይ ወደ ታች አጠበች፤ አደረቀች። የመጀመሪያውን ውሃ በጠርሙስ ቀድታ ለሣጥኑ ባለቤት አስረከበችው። ከዚያ በኋላ ነው አባቷን ያስተኛቻቸው።

አቶ ፓይሊ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ታንካማን፣ ልጆቻቸውን ሶሻማንና ኩርያንን፣ አምስት የልጅ ልጆችን፣ በመቶ የሚቆጠሩ ንጹሕ ትንፋሽ ያላቸውን ቤቶችና አንድ መካሪ ያጣ አማች ትተው አልፈዋል። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ዝናብ በማያሻግተው፣ በር በማይዘጋበት፣ ንጹሕ ነፋስ በሚመላለስበት ስፍራ ያሳርፍልን። ለቤተሰቡ ሁሉ መጽናናትን ይስጥ።

ይህን የጻፈው ያንን ቀይ ከፋይ የሰፋው ቻንዲ ነው። «አሳጥረው» ብለውት ነበር፤ እንቢ ብሏል፤ ሆን ብሎ አስረዝሞታል። ምክንያቱም ከመጀመሪያው መስመር አንሥታ እስከዚህ ድረስ ቆማ ያነበበችላችሁ፣ ያኔ በአራተኛው መስመር ትንፋሽ ያጠራት ሶሻማ ናት። መሃል ላይ ድምጿ ቆረጥ ብሎ ከሆነ ልቅሶ ነው፤ ደረቷ ደኅና ነው።