አቶ ፍሰሐ ወልደ ሚካኤል እና ከዝግባ የሠሩት ዕቃ

አቶ ፍሰሐ ከአባታቸው ከአቶ ወልደ ሚካኤል ገብረወልድ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ የሺሃረግ በቀለ በ1934 ዓ.ም. ዲክሲስ ተወለዱ። ትምህርታቸውን አሰላ ተከታትለው፣ በአዲስ አበባ በሥነ ሕይወት በዲግሪ ተመረቁ። በ1970 ዓ.ም. ለሁለት ዓመት ምሥራቅ ጀርመን ተልከው ስለ ባክቴሪያ አጠኑ። ሲመለሱ አሰላ በሚገኝ የወተት መመርመሪያ ጣቢያ ተመደቡ። ጥናቱን ለመጨረስ ሦስት ጊዜ የመውጫ ፈቃድ ጠየቁ፤ አልተሰጣቸውም።

ልባቸው ግን ጀርመን በጀመሩት ጥናት ላይ ቀርቶ ነበር። ወተት የሚያረጋው ባክቴሪያ የወተቱን ስኳር በሽፋኑ አሳልፎ እንዴት እንደሚያስገባ ሳያስቡ ውለው አያውቁም። ሽፋኑ ላይ ያለው ፕሮቲን ቅርጹን እየለወጠ፣ ወደ ውጭ ተከፍቶ ስኳሩን ይቀበላል፤ በውጭ በኩል ይዘጋና ወደ ውስጥ ይከፈታል፤ በሁለቱም በኩል ባንድ ጊዜ አይከፈትም ይሉ ነበር። በማኅበር ቀን ሊያስረዱን ሲጀምሩ እኛ ጠላ እንቀዳ ነበር።

በ1976 ዓ.ም. ይህንኑ ለማሳየት ሁለት የዝግባ ፍልጥ ጠርበው መሐል ለመሐል በጠፍር አያያዟቸው። ከላይ ሲከፈት ከታች ይዘጋል፤ ከታች ሲከፈት ከላይ ይዘጋል። እንደ ስኳሩ ከላይ የገባች አተር ከታች ትወጣለች። ያዩት ሰዎች ጥቂት ነበሩ።

ትዳር አልመሠረቱም። በ1978 ዓ.ም. ለፋሲካ ዲክሲስ ሲሄዱ፣ ታናሽ እኅታቸው ወይዘሮ አፀደ አሰላ ያለውን የእርሳቸውን ቤት ሊያጸዱ ገብተው ዕቃው ሲወዛወዝ አዩ። ወንድማቸውን ደስ ሊያሰኙ አናጢው ቱፋ ዘንድ ወሰዱት። ቱፋም “እትዬ፣ ይቺማ ላልታለች፤ ሁለተኛ አትነቃነቅም” ብሎ በአራት ሚስማር መታው። አቶ ፍሰሐ ሲመለሱ አገላብጠው አዩት፤ “እግዜር ይስጥሽ” ብለው መደርደሪያው ላይ አስቀመጡት። ከዚያ ወዲህ ስለ ባክቴሪያ ሲያወሩ አልሰማንም። ሥራ አድክሟቸው መስሎን ነበር።

ያቺ እኅት እኔ ነኝ።

ባደረባቸው የጉበት ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ ትናንት ግንቦት 12 ቀን 1982 ዓ.ም. በ48 ዓመታቸው ዐረፉ። ዛሬ ጠዋት ለለቅሶ የመጣችው የሥራ ባልደረባቸው ሰኪና ቀድሞ ሲከፈትና ሲዘጋ ያየችውን ዕቃ ስታይ “ማነው የቸነከረው?” ብላ አለቀሰች። ጉጠት አምጥተን ሚስማሮቹን ነቀልን። እርሷ አተር አቀበለችኝ፤ ከላይ ጨመርኩ፤ ከታች እጄ ላይ ወደቀች። ወንድሜ ሊያሳየኝ የለፋበትን ያየሁት እርሱ በሌለበት ነው።

አቶ ፍሰሐ እኔንና ሦስት የእኅት ልጆች ትተዋል። በዚህ በኩል ተዘግቶባቸው ኖረዋልና፣ አምላክ በዚያ በኩል ይክፈትላቸው። አሜን።