ቀጥ ያለው እግር

መጋቢት 9

የእማዬ ጉልበት ቀጥ ብሎ ተገጥሟል፤ የሚያማት በዚህ ምክንያት ነው።

እታለም፣ እንዴት ሰነበትሽ? ወገብሽ እንዴት አደረገሽ? ባለቤትሽስ ሥራው እንዴት ይዞታል፣ ልጆቹስ ደኅና ናቸው? እኛ በጤና አለን ብዬ እንዳልጀምር ከላይ የጻፍኩትን አንብበሻል። ሰላምታዬ ቢያጥርብሽ አትቀየሚኝ፤ ከትናንት ወዲህ ራሴን አላገኘሁትም።

እንደምታውቂው ያለቀው የጉልበቷ የውስጥ ወገን ብቻ ነበር። ሐኪሙም ያንን ግማሽ በብረት ተክቶ ጤነኛውን የውጭ ወገን እንዳለ ተወው። ከቀዶ ጥገናው በፊት የተናገርኩትን ታስታውሻለሽ፤ አንቺም በስልክ ከጎኔ ነበርሽ። «ዶክተር፣ ከነካኩት አይቀር ቀጥ ያድርጉልን» አልኩት። እግሯ ጎበጥ ስላለ ተማሪዎቿ ዕድሜ ልኳን «ቅንፍ» ሲሏት ኖረዋል፤ በጡረታዋ እንኳ ቀጥ ባለ እግር ትሂድ ብዬ ነበር። ሐኪሙ ሳቀና «እንደሚሠሩት በር አደርገዋለሁ» አለኝ።

ፋሻው የተፈታ ዕለት በር ስሰቅል የምለካበትን ክር ከሥራ ቦታ ይዤ መጣሁ። አልጋ ላይ አስተኝቼ ከዳሌዋ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ወጠርኩት። ክሩ የጉልበቷን መሀል ለሁለት ከፍሎ አለፈ። ፎቶ አንስቼ ላክሁልሽ፤ አንቺም እማዬ ሞዴል ሆነች ብለሽ መለስሽልኝ።

ጥቂት ወራት እንዳለፉ የውጭ ወገኑን አመመኝ ማለት ጀመረች። ቀዶ ጥገናው በውስጥ ወገን፣ ሕመሙ በውጭ፤ ሰበብ ነው አልኩ። ስንፍና ነው አልን፤ አልን ስል አንቺንም ጨምሬ ነው። የቤቱን ደረጃ በቀን ሦስት ጊዜ እንድትወጣ አደረግኳት። እኔ ታች ቆሜ እቆጥራለሁ። «ሦስተኛ ክፍልን ለምን እንደደገምክ አሁን ገባኝ፣ አሥራ ሁለትን ሁልጊዜ ትዘላለህ» ትለኛለች፤ ትስቅና ድጋፉን ጨብጣ ትወጣለች። ዓመት ከስምንት ወር እንዲህ ከረምን።

ትናንት ሌላ ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት። እውነቱን ልንገርሽ፣ ስንፍናዋን ከባለሙያ አፍ ትስማው ብዬ ነው። ሐኪሟ ጠና ያሉ ሴት ናቸው። እማዬን አቁመው ራጅ አስነሷት። እሷ በሌላ ክፍል ልብሷን እስክትለብስ ፊልሙን መብራት ላይ ሰቀሉና ማስመሪያ አሳረፉበት። ከዳሌ እስከ ቁርጭምጭሚት ያሰመሩት መስመር ጉልበቷን በውጭ ወገን በኩል አለፈ። በመሀል ነበር፣ ራሴ ለክቻለሁ አልኳቸው። በምን አሉኝ። በር በምሰቅልበት ክር አልኩ። ቆማ ነው ተኝታ አሉኝ። ተኝታ አልኩ። ቀና ብለው አዩኝና «እናትዎ እኮ በር አይደሉም፤ ሰው ክብደቱን የሚሸከመው ቆሞ ነው» አሉኝ።

ከዚያ ቁጭ አድርገው አስረዱኝ። እግሯ ከተፈጥሮው ጎበጥ ያለ ነው። ግማሽ ጉልበት ሲገጠም ያ ጉብጠት በመጠኑ መቅረት አለበት፤ ክብደቷ ይበልጡን አዲሱ ብረት ላይ እንዲያርፍ። የመጀመሪያው ሐኪም ግን በብረቶቹ መሀል የሚገባውን ፕላስቲክ ወፍራም አደረገና እግሯን ከልክ በላይ አቀናው። ክብደቷ ወደ ጤነኛው ወገን ዞረ። ያ ወገን አሁን አልቋል፣ አጥንት ካጥንት ይፋተጋል። ልዩነቱ ስንት ነው ብዬ ጠየቅኋቸው። አምስት ዲግሪ አይሞላም አሉ። እኔ አምስት ዲግሪ የዘመመ በር ባገኝ ማጠፊያውን አላልቼ መልሼ አጠብቃለሁ፣ አለቀ። የእሷ ግን ተከፍቶ ሙሉው ጉልበት መቀየር አለበት።

ደረጃውስ አልኳቸው። አፍጥኖታል አሉ። ሐኪሙ እንዲያ ያደረገው በእኔ ልመና ነው ወይ አልኳቸው። ሐኪም በቤተሰብ ልመና አይሠራም፣ ልኩን ማወቅ የነበረበት እሱ ነው አሉኝ። ይህ ሊያሳርፈኝ ይገባ ነበር። አላሳረፈኝም።

ስወጣ እማዬ ኮሪደሩ ላይ ከዘራዋን ተደግፋ ቆማለች። ፊቴን አይታ «ነገሩህ አይደል? በቃ፣ ከእንግዲህ አልለግምም። ከነገ ጀምሬ አራት ጊዜ እወጣለሁ፤ ብቻ አትቆጣኝ» አለችኝ። እሺ አልኳት። እታለም፣ እሺ ነው ያልኳት።

ዛሬ ጠዋት ደግሞ ራሷ ላከችኝ፤ ለልምምድ እግር ላይ የሚታሰር የአሸዋ ክብደት ግዛልኝ ብላ። ይህን የምጽፍልሽ ከሱቁ ወንበር ላይ ነው። ሻጩ ዕቃውን ከመጋዘን ሊያመጣ ሄዶ ቆየ።

ስትደውዪ ተለማመጂ አትበያት። ስለ ሁለተኛው ቀዶ ጥገናም ከእኔ ሳትሰማ እንዳታነሺባት። ዳግመኛ ቢላ አይነካኝም ብትል ምን እንደምመልስላት አላውቅም። አንድ ሳምንት ፈቃድ አግኝተሽ ብትመጪ ደግ ነበር።

ባለቤትሽን ሰላም በይልኝ። ትልቋን ልጅሽን እንኳን ፈተናሽን አለፍሽ በያት፤ መንትዮቹን ጉንጫቸውን ሳሚልኝ። ሚስቴም ልጆቼም ሰላም ብለውሻል፤ ይህን ነገር ገና አልሰሙም።

ሻጩ መጣ። የአንድ ኪሎውንና የሁለት ኪሎውን ባንኮኒው ላይ አስቀምጦ ለማን እንደሆነ ጠየቀኝ። ለእናቴ አልኩት። «እናት ጠንካራ ናት፣ ሁለት ኪሎውን ውሰድ» አለኝ። አንስቼ ያዝኩት፣ መልሼም አስቀመጥኩት። አሁን ልጠቅልለው ወይ እያለ ይጠይቀኛል። ሳልገዛ መውጣቴ ነው፤ ሄጄ ልንገራት።