የአኩሪ አተር ወተት ስለሚጠጣው ባለቤቴ

ለተከበሩ የባትሪ ፋብሪካው የጤናና ደኅንነት ኃላፊ፤

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ቢሮዎ ከማቅለጫው ክፍል ግቢውን ተሻግሮ፣ ያውም ነፋሱ ጭሱን በማይወስድበት በኩል ስለሆነ፣ ጤናዎን የምጠይቀው ለወጉ ያህል ነው። በአደባባይ መጻፌም በር ላይ ያሉት ዘበኛ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ማለት ስለሰለቻቸው አዝኜላቸው ነው።

ባለቤቴ አሮጌ ባትሪ እያቀለጠ እርሳስ የሚያወጣ ሠራተኛዎ ነው። ጭስ የሚስበው ማራገቢያ ከተበላሸ ወዲህ፣ በማሠራት ፈንታ በየምሳ ሰዓቱ አንድ ብርጭቆ የአኩሪ አተር ወተት ስላዘዙለት ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ቅሬታዬ ጥቂት ነው።

፩. በፋብሪካው የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ያስለጠፉት ጽሑፍ፣ አኩሪ አተር የበሉ አይጦች እንደ እርሳስ ያለውን የብረት መርዝ በተሻለ እንደተቋቋሙ ይናገራል። ለአይጦቹ እንኳን ደስ አላቸው። የሰፈራችን ክሊኒክ ነርስ ግን «እህቴ፣ አኩሪ አተር ጥሩ ምግብ ነው፤ ሳንባ ገብቶ ጭስ አይጠርግም» ብላኛለች። እርስዎን የሚያህል ሰው እያለ እሷን ማመኔ ድፍረት ነው።

፪. እርሳሱ ደሙ ውስጥ ገብቶ እንደሆነ እንዲታይ የደም ምርመራ ብንጠይቅ፣ ከቢሮዎ «ወተቱን እየጠጣ ምን ይሆናል?» ተባልን።

፫. ይህኛው የቤት ገመና ነው፤ ሆኖም ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀውን ከእርስዎ መደበቅ ነውር ይሆንብኛል። ባለቤቴ የሐኪም ቤት ወረፋ ላይ እንኳ ሰውን በሳቅ የሚገድል ነበር፤ ጎረቤቶቼ «እባክሽ ባልሽን ለአንድ ቀን አውሽን» ይሉኝ ነበር። አሁን የሚዋስ የለም። ከሥራ ይገባል፣ እጁ እየተንቀጠቀጠ ማንኪያውን ያስቀምጣል፣ ግድግዳ ያያል። አንድ አልጋ ላይ ተኝተን እንደሚናፍቀኝ ለማን ይነገራል? ጓደኞቼ «ወንድ ሲያረጅ ዝም ይላል» ይሉኛል፤ አርባ እንኳ በወጉ አልደፈነ! እኔም ከሬዲዮው ጋር መከራከር ጀምሬያለሁ፤ እሱ ቢያንስ ድምፅ አለው።

ልመናዬ አጭር ነው፦ ደሙን ያስመርምሩልኝ፤ ውጤቱ እስኪታወቅም ከማቅለጫው ያውጡልኝ። ወተቱን አልጠላንም፤ ከምርመራ በኋላም ይጠጣል።

ለደግነትዎ ብድር መመለሻ ያጣሁ፣ የቤቱን ወሬ ለብቻዬ የማወራ፣
የማቅለጫው ሠራተኛዎ ሚስት

ከፊርማዬ በኋላ፦ ደብዳቤውን ከመላኬ በፊት አነበብኩለት። እስከ መጨረሻው በትዕግሥት አዳመጠና «ምስኪን! የማን ባል ነው?» አለኝ። የድሮ ቀልዱ የተመለሰ መስሎኝ ከስንት ጊዜ በኋላ ከት ብዬ ሳቅሁ። እሱ ግን ፊቴን እያየ መልሴን ይጠብቅ ነበር። ወተቱን ያዘዙለት እርስዎ ነዎትና መልሱንም እርስዎ ይስጡት።